መጋቢና ሠራተኞች የሚቀየሩበት ዓመት፦ በጎንደር ላለች ዓለም አቀፍ አጥቢያ የሽግግር መመሪያ

ከተለያየ አገር የመጡ ምእመናን በእንግሊዝኛና በአማርኛ አብረው የሚያመልኩባት የጎንደር አጥቢያ መጋቢዋን ልትሸኝ ስትሰናዳ፣ ሽማግሌዎቿ ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ «ማን ይተካው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን ከፊት አይደለም። በእንዲህ ያለች ቤተ ክርስቲያን መጋቢውም ምእመኑም ይቀያየራሉ። በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ለአጭር ጊዜ ሊያስተምር የመጣው ሐኪም፣ ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ አገሩ የሚመለሰው ተማሪ፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የሚሄደው የእርዳታ ድርጅት ባልደረባ፣ ሁሉም መንገደኞች ናቸው። ከዓመት ዓመት በቦታቸው የሚገኙት የቢሮ ጸሐፊዋ፣ አስተርጓሚው፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና የጥበቃ ሠራተኛው ናቸው። ማን መቼ እንደ ተጠመቀ፣ የትኛው ቤተሰብ ከየትኛው እንደ ተቀያየመና እንዴት እንደ ታረቀ፣ የቤት ኪራዩ ውል ባለፈው ጊዜ በምን ስምምነት እንደ ታደሰ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከእነርሱ ይነሣና ወደ ተተኪው መጋቢ ኋላ ይደርሳል።

የውጭ አገልጋይ በጎንደር በኩል ማለፉም አዲስ ነገር አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው ሳሙኤል ጎባት በ1830 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማዋ ገብቶ ከካህናትና ከሊቃውንት ጋር ለወራት ሲወያይ ቆይቶ ሄዷል፤ እርሱ ከሄደ በኋላም በአገሬው ሰው እጅ የቀሩት ያከፋፈላቸው የአማርኛ ወንጌላት ነበሩ፤ እነርሱንም የተረጎማቸው የአገር ልጅ የሆኑት አባ አብርሃም ናቸው።

ዓመቱን በሁለት ቀን መቁጠሪያ መዘርጋት

ከውጭ የመጣ የመጋቢ ቤተሰብ አገር የሚለቀው አብዛኛውን ጊዜ በልጆቹ ትምህርት ቤት ምክንያት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ በእኛ ዘንድ ክረምቱ የሚበረታበት፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 አዲሱ የሚከፈትበት፣ ብዙ ተማሪዎችና የውጭ ዜጎች ለዕረፍት የሚበተኑበት ወቅት ነው። ርክክቡ ለሐምሌ ከተተወ፣ አስረካቢው ሻንጣ እያሰረ፣ ሒሳብ ሠራተኛው የዓመቱን መዝገብ እየዘጋ፣ ተረካቢዎቹም ከከተማ ርቀው ይፈጸማል ማለት ነው። የሚሻለው ስንብቱ መስከረም ላይ ለሽማግሌዎች በጽሑፍ እንዲደርስ፣ ዋናው ርክክብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት እንዲያልቅ፣ ሰኔም ለቀሪ ጉዳዮችና ለስንብት ብቻ እንዲተው ማድረግ ነው።

የዓመቱ ሰሌዳ ሲሠራ የሁለቱም አቆጣጠር ቀን በአንድ ሰነድ ላይ ጎን ለጎን ይጻፍ። የምዕራባውያን ልደት ታኅሣሥ 16፣ የእኛ ታኅሣሥ 29 ይውላል። ትንሣኤ በ2017 ዓ.ም. ለሁሉም ሚያዝያ 12 ቀን ውሎ ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. ግን የእነርሱ መጋቢት 27፣ የእኛ ሚያዝያ 4 ነው። አጥቢያዋ የትኛውን በዓል በምን መልክ እንደምታከብር በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ አዲስ መጋቢ በመጀመሪያው ዓመቱ አንዱን ወገን ሳያውቅ ያስቀይማል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ ለእንግዳ ሰው የሌሊቱ ሰዓት ስለሚመስለው፣ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

የጥምቀት ሳምንት ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ሲከበር ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ስለሚወርዱ መንገዶች ይጨናነቃሉ፣ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ የአውሮፕላን ትኬትም ቀደም ብሎ ያልቃል። ለመጋቢነት የታጨ ሰው ከተማዋን እንዲያይ የሚጋበዘው በዚህ ሳምንት መሆን የለበትም። ችግሩ የትኬቱ ብቻ አይደለም፤ ጎንደርን በጥምቀት ብቻ ያየ ሰው፣ ውኃ በማይኖርበት ሳምንትና መብራት በጠፋበት ምሽት እንዴት እንደምትኖር ሳያይ ይመለሳል። የኅዳር ወይም የየካቲት ተራ ሳምንት ይሻላል።

ሠራተኞቹን አስቀድሞ ማነጋገር

የመጋቢው መሄድ ለጉባኤው ከመነገሩ በፊት፣ ቢበዛ በዚያው ሳምንት፣ ተቀጣሪዎቹ ከሽማግሌዎች አፍ ሊሰሙት ይገባል። የጥበቃ ሠራተኛው ወሬውን ከደጅ፣ ጸሐፊዋም ከቴሌግራም ከሰሙ፣ ቀጥሎ የሚያስቡት ስለ እንጀራቸው ነው፤ ስጋታቸውም መሠረት አለው፤ አዲስ መጋቢ የራሱን ሰው ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አለና። በዕድሜ የገፉትን «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ብሎ አክብሮ ቢሮ አስቀምጦ፣ ሻይ አቅርቦ፣ ምን እንደሚቀየርና ምን እንደማይቀየር በግልጽ መንገር ቀላል ሥራ ነው፤ የሚዘለለውም ቀላል መስሎ ስለሚታይ ነው። በዚሁ ቀን ለእያንዳንዳቸው የሥራ ውላቸው ቅጂ ይሰጥ። ውል የሌለው ሠራተኛ ከተገኘ፣ ከሽግግሩ በፊት ውል ይጻፍለት፤ ምክንያቱም በቃል የቀጠረው ሰው ሲሄድ ምስክሩም አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይወስናል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አሠሪው በማስጠንቀቂያ ሲያሰናብት ግን ጊዜው እንደ አገልግሎቱ ይለያያል፦ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ሦስት ወር ነው። ሠራተኛው ሲለቅ ወይም በማንኛውም ጊዜ ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። አዋጁ የሃይማኖት ድርጅቶች የሚመሠርቱትን የሥራ ግንኙነት በሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ የተለየ ውሳኔ ሊሰጥ እንደሚችልም ያመለክታል፤ መንፈሳዊ አገልግሎትና የቢሮ ወይም የጥበቃ ሥራም በሕግ ፊት በአንድ ዓይን ላይታዩ ይችላሉ። ስለዚህ ማሰናበት በሚታሰብበት ጊዜ ሁሉ የሕግ ባለሙያ ይጠየቅ። በእኔ አስተያየት ሕጉ አያስገድደንም ብሎ የሚከራከር ቤተ ክርስቲያን ክርክሩን ቢረታም በሰፈሩ ያለውን ስም ያጣል፤ የአዋጁን መለኪያ እንደ ዝቅተኛው ግዴታ አድርጎ መያዝ ይበጃል። ሠራተኞቹ በጡረታ ዐቅድ ከታቀፉ ደግሞ የሠራተኛው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ መዋጮ እስከ መጨረሻው ወር መግባቱ ከአስረካቢው ጋር ይረጋገጥ።

አንድ ሌላ ወገን አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እርሱ ነው። በመጋቢው መኖሪያ ቤት የምትሠራው የቤት ሠራተኛና የግቢው ዘበኛ ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከመጋቢው ኪስ ስለሆነ በቤተ ክርስቲያኒቱ መዝገብ ላይ ስማቸው የለም። እርሱ ሲሄድ ሥራቸው ያበቃል። ሽማግሌዎች ቢያንስ ከአራት ወር በፊት መጋቢውን ስለ እነርሱ ይጠይቁት፤ የስንብት ክፍያቸውን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤያቸውንና የተተኪውን ፈቃድ የሚመለከተው ሐሳብ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ርክክቡ

ርክክብ ሲባል ብዙዎች የቁልፍና የወንበር ቆጠራ ይመስላቸዋል። ቆጠራው ያስፈልጋል፤ ፒያኖው፣ የድምፅ ማጉያው፣ ጄኔሬተሩ፣ የልጆች ክፍል ዕቃ ሁሉ በዝርዝር ተመዝግቦ አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ ይፈርሙበት። ከቀረጥ ነፃ የገባ ተሽከርካሪ ወይም ዕቃ ካለ በማን ስም እንደ ገባ ተለይቶ ይጻፍ፤ ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ ሰው መሸጥም ሆነ ማስተላለፍ ችግር ያመጣል። የመጋቢው የግል ማቀዝቀዣና ሶፋ ለማን እንደሚሸጥ ደግሞ ራሱ መጋቢው በግልጽ ይወስን፤ በተሰናባች አገልጋይ ማቀዝቀዣ የተነሣው ማጉረምረም በትምህርተ ሃይማኖት ልዩነት ከተነሣው ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚህ የሚከብደው በወረቀት ላይ የማይታየው ነው። የባንክ ፈራሚነት መጀመሪያ ይስተካከል፤ አዲሱ ፈራሚ የሚሰየምበት ቃለ ጉባኤና ከዋናው ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት የሚወጣው ደብዳቤ ጊዜ ስለሚወስዱ፣ ነባሩ ፈራሚ ገና አገር ውስጥ ሳለ ቢያንስ ሁለት ነዋሪ ፈራሚዎች በባንኩ ተመዝግበው ሥራ መጀመራቸው ይረጋገጥ። ማኅተሙና ቲተሩ በካዝና ይቀመጡ፤ ማን እንደሚያወጣቸውም ይመዝገብ። ለቤተ ክርስቲያኒቱ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር በመጋቢው ፓስፖርት የወጣ ሲም ካርድ ከሆነ፣ እርሱ በሄደ ማግስት ቁጥሩ ሊዘጋ፣ ከቁጥሩ ጋር የተያያዘው የቴሌብርና የኢሜይል ማረጋገጫም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በድርጅቱ ስም ወይም በአንድ ነዋሪ ሽማግሌ ስም ወደ ወጣ ቁጥር አስቀድሞ መዛወር አለበት። የቴሌግራም ቻናሉ ባለቤትነትም እንዲሁ።

የምእመናን ዝርዝር በወረቀት ይኑር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ፣ አባላቶቻቸውን በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚያውቁ ኅብረቶች ማን ከተማ ውስጥ እንዳለ፣ ማን እንደ ወጣ እንኳ ለማወቅ ተቸግረዋል። ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ፣ የቅርብ ዘመድ ስልክ፣ የውጭ ዜጋ ከሆነም አገሩና ሊደወልለት የሚገባው ኤምባሲ በአንድ መዝገብ ተጽፎ በቢሮ ይቀመጥ። ማራኪ ሰፈር የሚኖረውን ከአዘዞ ሰፈሩ ጋር የሚያገናኝ፣ መንገድ ሲዘጋ በእግር ሄዶ የሚጠይቅ ሰው በየሰፈሩ ይሰየም።

ቀጥሎ የሚመጣው የምክር አገልግሎት ምስጢር ነው። መጋቢው በዓመታት ውስጥ የሰማው የትዳር ችግር፣ የሱስ ትግል፣ የስደት ታሪክ በእርሱ ልብ ነው። ሁሉንም ለተተኪው መንገር እምነት ማጉደል ነው፤ ሁሉንም ይዞ መሄድም የተጀመረውን ሕክምና መቁረጥ ነው። መፍትሔው ባለጉዳዩን ራሱን መጠየቅ ነው፦ «ይህን ጉዳይ ለሚተካኝ ላስረዳው፣ ወይስ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር?» ለዚህ ከየሰዉ ጋር አንድ አንድ ጊዜ መቀመጥ ስለሚያስፈልግ መጋቢው የመጨረሻ ወራቱን የጉብኝት ሰሌዳ በዚህ ይሙላ፤ ለተተኪው የሚተላለፈውም በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ይሁን። የሕፃናት ደኅንነትን የሚነካ ጉዳይ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ እርሱ በሽማግሌዎች መዝገብ መስፈርና ለሚመለከተው አካል መድረስ አለበት።

ሌላው ስውር ነገር የምጽዋቱ መዝገብ ነው፤ መዝገብ ማለቴ የሌለውን ነው። የውጭ አገር መጋቢ ለአንዲት እናት የቤት ኪራይ፣ ለአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለአንድ ስደተኛ ተማሪ የምግብ ወጪ ከግሉ ወይም በአገሩ ካሉ ወዳጆቹ እየተቀበለ በየወሩ ሲሰጥ ኖሮ ይሆናል። በሱዳን ጦርነት ምክንያት በመተማ በኩል የገቡ ሰዎች በከተማዋ በሚታዩበት በዚህ ዘመን ይህ እየበዛ መምጣቱ አያስገርምም። እርሱ ሲሄድ ተረጂዎቹ የተተኪውን በር ያንኳኳሉ፤ ተተኪው ስለ ጉዳዩ አያውቅም፤ «ቀድሞ የነበረው ይሰጠን ነበር» የሚለው ቃል በሁለቱም መካከል ቅሬታ ይተክላል። ስለዚህ መጋቢው የሚረዳቸውን ሰዎች ለሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ያስታውቅ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ይወሰን፦ እርዳታው ከወራት ማስጠንቀቂያ በኋላ ይቁም፣ የዲያቆናት ክፍል ይረከበው፣ ወይስ መጋቢው ከሄደበት በቤተ ክርስቲያኒቱ ሒሳብ በኩል ይቀጥልበት? ውሳኔውንም ተረጂው ከራሱ ከመጋቢው አንደበት ይስማ። ይህ ሥራ ከባድ ነው፤ የተጀመረ የልጅ ትምህርት በጥር ወር ከሚቋረጥ ግን ይሻላል።

መድረኩ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ

በሁለት መጋቢዎች መካከል ከሦስት እስከ ስድስት ወር ክፍተት እንደሚኖር ታሳቢ ተደርጎ ይዘጋጅ። የስብከት ሰሌዳው ለሦስት ወር አንድ ጊዜ ይውጣ፤ በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ላይ የተመሠረተ ተከታታይ ትምህርት ቢሆን፣ ሰባኪው ቢቀያየርም ሐሳቡ አይበታተንም። በከተማው የሚያልፍ እንግዳ ሁሉ መድረክ አይሰጠው፤ ጎንደርን ሊጎበኝ የመጣ ሰው ፋሲል ግንብን አይቶ እሑድ ሊሰብክ ሲጠይቅ በትሕትና «በሰሌዳው መሠረት እየሄድን ነው» ማለት ይቻላል። አስተርጓሚው የስብከቱን ጽሑፍ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ያግኝ፤ በሽግግር ዘመን በየእሑዱ የሚሰማው ቋሚ ድምፅ የእርሱ ስለሆነ፣ ሸክሙን የሚጋራው ሁለተኛ ሰው ይመደብለት። የጌታን እራት፣ ጥምቀትንና ጋብቻን ማን እንደሚያስፈጽም ከዋናው ቤተ ክርስቲያን ጋር በደብዳቤ ይወሰን።

ልቅሶ ቀጠሮ አይጠብቅም። አባል ሲሞት ወይም የሩቅ አገር መርዶ ሲደርስ ማን ቀድሞ ቤቱ እንደሚደርስ፣ ማን ከዕድሩ ጋር እንደሚነጋገር፣ አስከሬን ወደ ውጭ አገር መላክ ቢያስፈልግ ማን ኤምባሲውን እንደሚያነጋግር አስቀድሞ በስም ይታወቅ።

ተተኪውን መምረጥና ማስገባት

አስመራጭ ኮሚቴው አምስት ወይም ሰባት ሰው ቢሆን ይበቃል፤ ቢያንስ ግማሾቹ ቋሚ ነዋሪዎች ይሁኑ፤ ከተቀጣሪዎቹም አንድ ሰው አስተያየት የሚሰጥበት መንገድ ይኑር። ተሰናባቹ መጋቢ የኮሚቴው አባል አይሁን፤ ሲጠየቅ ብቻ ሐሳቡን ይስጥ። ታጩን ስለ ስብከት ችሎታው ብቻ መጠየቅ ለጎንደር አይበቃም። አማርኛ ለመማር ምን ያህል ፈቃደኛ ነው? ባለቤቱስ ምን ታስባለች? መንገድ ሲዘጋና በረራ ሲሰረዝ፣ ከአዲስ አበባ በየብስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅ ከተማ ረጋ ብሎ መቀመጥ ይችላል? የጥንት አድባራት ባሉባት፣ አብዛኛው ነዋሪ ኦርቶዶክስ በሆነበት ከተማ እንደ እንግዳ ሰው በአክብሮት መኖር ያውቅበታል?

አጥቢያዋ ብዙውን ጊዜ የምትሠራው በተመዘገበ ዋና ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ስለሆነ፣ የዋናው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ከምርጫው በፊት ይጠየቅ፤ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ በተቋቋመው የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በኩል የሚያስፈልግ ደብዳቤ ካለም እርሱ ያስፈጽማል። ተመራጩ የውጭ ዜጋ ከሆነ የሥራ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሥራ ፈቃዱ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለሦስት ዓመት የሚሰጥ ሆኖ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የትምህርት ማስረጃዎቹም አስቀድመው መረጋገጥ አለባቸው። ጉዳዩን ለመጨረስ አዲስ አበባ መመላለስ ስለሚጠይቅ፣ ፈቃዱ በእጅ ሳይገባ የሹመቱ ቀን ለጉባኤው አይነገር፤ የቤት ኪራይ ውልም አይፈረም። የተሰናባቹ ፈቃዶችም በወቅቱ ተመላሽ ይሁኑ፤ ያልተዘጋ ፋይል ለተተኪው ጥያቄ እንቅፋት ሊሆን ይችላል።

አዲሱ መጋቢ ሲገባ በመጀመሪያው ወር አንድ ነባር ሽማግሌ ይዞት ይዙር፤ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ ከቅርብ ጎረቤቶች፣ ከዕድሩ ዳኛ፣ ከከተማው ሌሎች ወንጌላውያን አጥቢያዎች አገልጋዮች ጋር ያስተዋውቀው። የድምፅ ማጉያው የሰፈሩን ሰው እንደሚያውክ ወይም እንደማያውክ የሚነግረው ጎረቤቱ ነውና፣ ይህ ጉብኝት ከእንኳን ደህና መጣህ ግብዣው ይቀድማል።

ሽኝት

ስለ ሽኝቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሁዳዴ፣ በረቡዕ ወይም በዓርብ የሥጋ ድግስ አይዘጋጅ፤ የሚጾሙ ጎረቤቶችና የመንግሥት እንግዶች ይጋበዛሉና። ንግግሩ ያጥር፣ ምርቃቱን በዕድሜ የገፉት ይስጡ። በዚያው መድረክ ላይ ሠራተኞቹም በስማቸው ይመስገኑ፤ ሁለት መጋቢ የሸኘች ጸሐፊ ሦስተኛውን ልትቀበል ነውና።

ተሰናባቹ ከሄደ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሰርግ ለማስፈጸምም ሆነ ጠብ ለማስታረቅ በተተኪው ጥሪ ካልሆነ አይመለስ፤ ይህም ከመሄዱ በፊት በስምምነት ይጻፍ። አዲሱ መጋቢ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ወር ሽማግሌዎች፣ ሠራተኞችና መጋቢው አንድ ላይ ተቀምጠው የርክክብ ሰነዱን ከአንድ እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ የጎደለው ይሟላ፣ የባንክ ፈራሚ ዝርዝሩና የንብረት ቆጠራው ዳግም ይመሳከሩ። ሰነዱ በሁለት ቅጂ ተፈርሞ አንዱ በቢሮው ካዝና፣ ሌላው በዋናው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ አስመራጭ ኮሚቴውም በቃለ ጉባኤ ተመስግኖ በዚያው ስብሰባ ይበተን።